ከሣጥን የወጣ ጠገራ ብር ስንት ያወጣል? የአሮጌ የብር ሳንቲሞች ዋጋ አገማመት

ጎንደር ውስጥ የአያት ሣጥን ሲከፈት ከክታቡና ከአሮጌው የርስት ወረቀት ሥር ጥቂት ጠገራ ብሮች መገኘታቸው ብርቅ አይደለም። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ የሚያነሣው ጥያቄ ስንት ያወጣሉ የሚል ነው፤ መልሱም እንደሚጠየቀው ሰው ይለያያል። አንጥረኛው ሚዛን ላይ አስቀምጦ በግራም ይነግራል፤ በፒያሳ ዙሪያ ለእንግዳ የሚሸጥ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ በፍሬ ይጠራል፤ በቴሌግራም የተገኘ የማይታወቅ ገዢ ደግሞ ለአንዲቱ ፍሬ ቤት የሚያሠራ ገንዘብ እንደሚከፍል ይናገራል። ሦስቱም ስለ አንድ ዕቃ ቢያወሩም የሚገምቱት ግን የተለያየ ነገር ነው።

የብር ሳንቲም ዋጋ ሲገመት ተለይተው መታየት ያለባቸው ሦስት ዋጋዎች አሉ። የመጀመሪያው በሳንቲሙ ውስጥ ያለው ንጹሕ ብር ቀልጦ ቢወጣ የሚያወጣው ዋጋ ነው፤ ይህ እንደ ወለል የሚቆጠር ስለሆነ ሻጭ ከዚህ እጅግ ወርዶ መሸጥ የለበትም። ሁለተኛው ሳንቲም ሰብሳቢዎች ለብርቅነቱና ለይዞታው (ሳይፋቅና ሳይጎዳ ለመቆየቱ) ሲሉ ከማዕድኑ ዋጋ በላይ የሚጨምሩት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ዛሬ ፊት ለፊት የቆመው ገዢ ቆጥሮ የሚሰጠው ገንዘብ ሲሆን፣ ከሁለቱም በታች ሊሆን ይችላል። በጎንደር ቤቶች ከሚገኙት ሳንቲሞች አብዛኞቹ ከወለሉ ብዙም የማይርቁ ናቸው። ጥቂቶቹ ግን በእርግጥ ተፈላጊ ናቸው፤ የሚያሳዝነውም እነዚህ ጥቂቶች ማንም ሳይመለከታቸው ከብዙዎቹ ጋር በአንድ ሚዛን ተለክተው ወደ ማቅለጫ መግባታቸው ነው። ስለዚህ መለየት ከመመዘን፣ መመዘንም ዋጋ ከመጥራት መቅደም አለበት።

1780 የሚለው ዓመት

በሣጥን ከሚገኙት ሳንቲሞች እጅግ የሚበዛው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ ሕዝቡ ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ብር ብሎ የሚጠራው ነው። በአንዱ ገጽ ንግሥቲቱ ተከናንባ ወደ ቀኝ ስትመለከት ትታያለች፤ በሌላው ገጽ ክንፎቹን የዘረጋ ባለ ሁለት ራስ ንስር አለ፤ በንስሩ ዙሪያ ባለው ጽሑፍ መጨረሻም 1780 የሚል ዓመትና ከዓመቱ ቀጥሎ አንዲት ኤክስ ትገኛለች። ብዙ ሰው ይህን ዓመት አንብቦ ሳንቲሙ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው ይደመድማል፤ ዋጋውንም በዚያው ልክ ከፍ ያደርገዋል። ሰዎች በአገማመት ላይ ከሚሠሯቸው ስህተቶች ሁሉ የሚበዛው ይኸው ነው።

ማርያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ሳንቲሟ ግን በቀይ ባሕር ዙሪያ፣ በዐረብ አገርና በኢትዮጵያ ገበያ ተፈላጊነቱ ስለቀጠለ፣ የኦስትሪያ መንግሥት የመጨረሻውን ዓመት ሳይለውጥ መቅረጹን ቀጠለ፤ የእኛ ነጋዴ የለመደውን መልክ እንጂ አዲስ መልክ አይቀበልም ነበርና። በኦስትሪያ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1858 ሕጋዊ ገንዘብነቱ ሲቀር እንኳ ለውጭ ንግድ መቀረጹ አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ የመቅረጫውን ማኅተም ከኦስትሪያ አግኝቶ ሮም ላይ ማስቀረጽ ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ ለንደን፣ ፓሪስና ብራስልስ፣ ቆይተውም ቦምቤይና በርሚንግሃም ያንኑ 1780 ያለበትን ሳንቲም ቀርጸዋል። ቪዬና ዛሬም ትቀርጸዋለች። ጠቅላላ ብዛቱ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ስለሆነ ማርትሬዛ በዓለም ላይ እጅግ በብዛት ከተሠሩት ትልልቅ የብር ሳንቲሞች አንዱ ነው፤ በዕድሜው ብቻ ብርቅ የሚባልበት ምክንያት የለም።

ይህ ሳንቲም በጎንደር የበዛበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከተማዋ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን፣ በሰሜን በኩል ወደ ምፅዋ የሚወስዱት የሲራራ መንገዶች የሚገናኙባት ስለነበረች፣ ቡናው፣ ዝባዱና ወርቁ ሲወጣ ጠገራው ይገባ ነበር፤ ለዝርዝር ያገለግል የነበረው አሞሌ ጨው ነው። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘምቱ ለስንቅና ለአጋሰስ የሚከፍሉትን ጠገራ በሚሊዮን የሚቆጠር ከቪዬና አስቀርጸዋል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ደግሞ ጎንደር «አማራ» ተብሎ የተሰየመው የቅኝ አስተዳደር መቀመጫ ስለነበረች በሮም የተቀረጸውም ወደዚህ የሚደርስበት መንገድ ሰፊ ነበር። በመሆኑም በአንድ ከረጢት ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ፣ ሁለቱም 1780 የሚሉ ጠገራዎች በተሠሩበት ዘመን ከመቶ ዓመት በላይ ሊራራቁ ይችላሉ።

የትኛው የት እንደተቀረጸ የሚለየው በጥቃቅን ምልክቶች ነው። ሰብሳቢዎች በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥና በዙሪያው ያሉትን የዕንቍ ነጠብጣቦች ይቈጥራሉ፤ የንስሩን የጅራትና የክንፍ ላባ ይመረምራሉ፤ ከንግሥቲቱ ምስል በታች ባሉት ኤስ እና ኤፍ በሚባሉት ሁለት የላቲን ፊደላት አጠገብ ነጥብ መኖሩንና አለመኖሩን፣ የነጥቡንም ቦታ ያያሉ። ፊደላቱ ዛሬ በጀርመን ግዛት ባለችው በጊንዝቡርግ ከተማ የገንዘብ መቅረጫ ቤት ይሠሩ የነበሩት የሾብልና የፋቢ ስም መነሻዎች ናቸው። የእኛ የጥንት ነጋዴዎችም ዕንቍዎቹንና ፊደላቱን ያዩ እንደነበር ይታወቃል፤ እነርሱ ግን ያን ያደርጉ የነበረው የተፋቀ ሳንቲም እንዳይሰጣቸው ነው። ዛሬ ተመሳሳይ ነገር የሚያደርግ ሰው ዓላማው ሌላ ነው፤ ከቀድሞዎቹ ቅጂዎች አንዱን ካገኘ ከተራው ማርትሬዛ በላይ የሚከፍል ሰብሳቢ ሊያገኝ ይችላል። እንዲህ ያለውን መለየት ግን ልምድ ይጠይቃል፤ ባለቤቱ ሊያደርግ የሚገባው የሁለቱንም ገጽና የጠርዙን ፎቶ በደንብ አንሥቶ ለሚያውቅ ሰው ማሳየት ነው። ዓመቱ ከ1780 በፊት የሆነ፣ ወይም በንግሥቲቱ ፈንታ የሌላ ገዢ ምስል ያለበት ተመሳሳይ ትልቅ ብር ከተገኘ ግን ሳይውል ሳያድር ከሌሎቹ ተለይቶ መቀመጥ አለበት።

ማርትሬዛ ያልሆኑት

ከማርትሬዛ ቀጥሎ የሚጠበቀው የዐፄ ምኒልክ ብር ነው። በፓሪስ የተቀረጸው የመጀመሪያው የምኒልክ ገንዘብ ፲፰፻፹፯ የሚል ዓመት አለበት፤ ይህ የእኛ ዘመን አቆጣጠር ስለሆነ እ.ኤ.አ. ከ1894 እስከ 1895 ያለው ጊዜ ነው። በውጭ አገር የሳንቲም መዘርዝሮች ላይ ዋጋ የሚፈልግ ሰው ይህን የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ካላስታወሰ የሌላ ሳንቲም ዋጋ ያነባል። ከዚያ በኋላ ፲፰፻፹፱፣ ፲፰፻፺፪ እና ፲፰፻፺፭ የሚሉ አሉ። ቁጥሮቹ በግእዝ ስለተጻፉ ወጣቶች ብዙ ጊዜ በስህተት ያነቡአቸዋል፤ በተለይ ሳንቲሙ ሲፋቅ ፹ እና ፺ን መለየት ያስቸግራል። በአንዱ ገጽ ዘውድ የደፉት ንጉሠ ነገሥት፣ በሌላው ገጽ ዘንግ የያዘው የይሁዳ አንበሳ አለ፤ አንበሳው የሚያነሣው የፊት እግር ግራ ወይም ቀኝ መሆኑ በመዘርዝሮች ውስጥ እንደ ሁለት የተለያየ ዓይነት ይቆጠራል፤ ስለዚህ ይህም መታየት አለበት።

ምኒልክ ብራቸውን ያስቀረጹት በማርትሬዛ ልክ ነው፤ ሕዝቡ ግን ለረዥም ጊዜ የለመደውን ማርትሬዛ ስለመረጠ አዲሱ ብር አሮጌውን ከገበያ ሊያስወጣው አልቻለም። ይህ በዘመኑ ለመንግሥት ችግር ነበር፤ ለዛሬው ባለቤት ግን ጥቅም አለው፤ ምክንያቱም የምኒልክ አንድ ብር ከማርትሬዛ እጅግ ያነሰ ብዛት አለውና። ግማሽ ብር፣ ሩብና ስምንተኛ ብር፣ ከሁሉ የምታንሰው ግርሽም የብር ሳንቲሞች ናቸው። ብዙ ቤተሰብ ትልቁን ጠገራ በክብር አስቀምጦ ትንንሾቹን ለሕፃናት መጫወቻ ይሰጣል፤ ይሁንና ብዙም ያልተፋቀ የምኒልክ ግማሽ ብር በውስጡ ያለው ብር የማርትሬዛን ግማሽ ብቻ ሆኖ ሳለ በሰብሳቢ ዘንድ ከማርትሬዛ በላይ ሊያወጣ ይችላል። የ፲፰፻፺፭ቱ ግርሽ ግን እጅግ በብዛት የተቀረጸ ስለሆነ ከዚህ ተስፋ ውስጥ አይገባም።

የኤርትራ ቅኝ ግዛት ብሮችም ወደ ጎንደር መጥተዋል። የንጉሥ ኡምቤርቶ ምስል ያለበት እ.ኤ.አ. የ1891 እና የ1896 ታለር (እንደ ማርትሬዛ ያለ ትልቅ ብር)፣ እንዲሁም ማርትሬዛን ለመምሰል የተሠራው እ.ኤ.አ. የ1918ቱ የጣሊያን ታለር ከተራው ማርትሬዛ ይልቅ ተፈላጊ ናቸው፤ የ1918ቱን ብዙ ሰው ከማርትሬዛ ጋር ስለሚያምታታው በሴትዮዋ መልክና በዓመቱ መለየት ያስፈልጋል። የጣሊያን የ5 እና የ10 ሊሬ የብር ሳንቲሞችና የሕንድ ሩፒም አልፎ አልፎ ይገኛሉ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ 1936 የሚል ዓመት ያለበት ባለ 50 ሳንቲም ደግሞ በእርግጥ ብር ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ከሺህ 800 እጅ፣ ቆይተው የተቀረጹት ከሺህ 700 እጅ ንጹሕ ብር ይዘዋል። በነገራችን ላይ የዚያው ዘመን ባለ 25 የመዳብ ሳንቲም በመጀመሪያ ክብ ስለነበረ ሰዎች በብር እየለበጡ በ50 ሳንቲም ስም ያልፉበት ነበር፤ በኋላ ጠርዙ የአበባ ቅርጽ እንዲኖረው የተደረገው በዚሁ ምክንያት ነው።

ብር የሚመስሉ ግን ብር ያልሆኑ፣ ወይም ትንሽ ብር ብቻ ያላቸውም አሉ። 1923 የሚል ዓመት ያለባቸው ባለ 10፣ 25 እና 50 ማቶና (የያኔው የብር መቶኛ) ሳንቲሞች ኒኬል ናቸው፤ ማግኔት ስለሚስባቸው መለየቱ ቀላል ነው። ጎንደር ከጣሊያን ነፃ የወጣችው ከአዲስ አበባ ወራት ዘግይታ በኅዳር 1934 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያ ዘመን ከእንግሊዝ ጦር ጋር የገባው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ከአራት እጅ አንዱ ብቻ ብር ነው። በደርግ ዘመን በ1969 ዓ.ም. የወጡት ባለ 25 እና 50 ሳንቲሞች ደግሞ የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ናቸው፤ ብር የላቸውም።

ከክብደት ወደ ገንዘብ

የማዕድኑን ዋጋ ለማወቅ የሚያስፈልጉት ሦስት ቁጥሮች ክብደቱ፣ የንጽሕናው መጠንና የአንድ ግራም ንጹሕ ብር የዕለቱ ዋጋ ናቸው፤ ሦስቱን ማባዛት በቂ ነው። ማርትሬዛ አዲስ ሲሆን 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ንጽሕናው ከሺህ 833 እጅ ስለሆነ በውስጡ 23.39 ግራም ንጹሕ ብር አለ። የቀረው 4.7 ግራም ገደማ መዳብ ነው። የምኒልክ አንድ ብርም 28.08 ግራም ያህል ሆኖ ንጽሕናው ከሺህ 835 እጅ ስለሆነ 23.44 ግራም ንጹሕ ብር ይዟል፤ ግማሹ 11.72፣ ሩቡ 5.86፣ ግርሹ 1.17 ግራም ይኖረዋል። ባለ 50 ሳንቲሙ 7.03 ግራም ስለሚመዝን እንደ ንጽሕናው 5.62 ወይም 4.92 ግራም ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ግን ከ50 ሳንቲሙ ጥቂት የሚበልጥ ክብደት ይዞ ከ2 ግራም ያነሰ ብር ብቻ አለው። ለምሳሌ እንዲመች የአንድ ግራም ንጹሕ ብር ዋጋ 1 ዶላር ነው ብንል፣ ያልተፋቀ ማርትሬዛ 23.39 ዶላር፣ ሽልንጉ 1.95 ዶላር ገደማ የማዕድን ዋጋ ይኖራቸዋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ጠቅላላ ክብደቱን በንጹሕ ብር ዋጋ ማባዛት ነው፤ ይህ ስንዴን ከነገለባው መዝኖ እንደ መሸጥ ሲሆን ሻጩን በ20 በመቶ የተጋነነ ተስፋ ያስይዘዋል። በተቃራኒው ደግሞ አንዳንድ ገዢ ለጠቅላላ ክብደቱ የሚከፍለውን ዝቅተኛ የግራም ዋጋ ይጠራና ሻጩ በኢንተርኔት ካየው የንጹሕ ብር ዋጋ ጋር ሲያነጻጽረው የተበደለ ይመስለዋል፤ ሁለቱ ግን የተለያየ ነገር እያሰሉ ነው። ስለዚህ ድርድሩ ከመጀመሩ በፊት «ዋጋው የንጹሑ ነው ወይስ የጠቅላላው ክብደት?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ሁለተኛው ወጥመድ የወቄት ነው። በዓለም ገበያ የብር ዋጋ የሚጠራው ትሮይ አውንስ በሚባለው መለኪያ ሲሆን ይህም 31.10 ግራም ነው። የእኛ አንጥረኞች ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት ወቄት ግን በአንድ ጠገራ ክብደት የሚተመን፣ ማለትም 28 ግራም ገደማ ነው፤ ተራው የእንግሊዝ አውንስም 28.35 ግራም ነው። በኢንተርኔት የተገኘውን የአውንስ ዋጋ ወስዶ በ28 የሚያካፍል ሰው የግራሙን ዋጋ በ10 በመቶ ገደማ አሳድጎ ያሰላል። አንድ ማርትሬዛ ላይ ልዩነቱ ብዙ ላይመስል ይችላል፤ ውርስ የሚካፈሉ ወንድማማቾች ሃምሳ ጠገራ ሲያሰሉ ግን የአምስቱን ጠገራ ዋጋ ያህል ይሆናል።

ዋጋው ራሱ የማይረጋ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። እ.ኤ.አ. በጥር 1980 አንድ አውንስ ብር ወደ 50 ዶላር ተጠግቶ ነበር፤ በዚያው ዓመት መጋቢት መጨረሻ ላይ ግን ከ11 ዶላር በታች ወርዷል። በእኛ አገር ላይ የውጭ ምንዛሬው ለውጥ ይጨመርበታል፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ብር የምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የዓለም ዋጋ ባይንቀሳቀስ እንኳ የአንድ ጠገራ ዋጋ በኢትዮጵያ ብር ሲሰላ በእጅጉ ተለውጧል። ስለዚህ «ጎረቤታችን አምና በዚህን ያህል ሸጠ» የሚለው ወሬ ለዘንድሮው ግምት መነሻ ሊሆን አይችልም። ስሌቱን በሽያጩ ዕለት እንደገና መሥራት ያስፈልጋል።

አንጥረኛው ከዚህ ስሌት በታች መክፈሉ እንደ ማታለል ብቻ መታየት የለበትም። ሳንቲሙን ያቀልጣል፣ መዳቡን ይለያል ወይም ቅይጡን እንዳለ ለመስቀልና ለአልቦ ይጠቀምበታል፣ በዚህ መካከል ዋጋው ሊወርድበት ይችላል። ከስሌቱ ምን ያህል ዝቅ ማለቱ ተገቢ እንደሆነ የሚወስነው የገዢዎች ብዛት ነው፤ ስለዚህ በአራዳም ሆነ በፒያሳ ቢያንስ ሦስት ቤት ሳይጠይቁ መሸጥ ጥበብ አይመስለኝም።

እውነተኛ መሆኑን ማረጋገጥ

ማርትሬዛ ራሱ በሕጋዊ መንገድ እየተደገመ የተቀረጸ ስለሆነ «ኮፒ» እና «ሐሰተኛ» የሚሉትን መለየት ያስፈልጋል። በለንደን ወይም በሮም የተቀረጸው ሙሉ ብሩን የያዘ እውነተኛ ሳንቲም ነው። ሐሰተኛ የሚባለው ከሌላ ማዕድን ተሠርቶ በላዩ ብር የተቀባው ነው። የመጀመሪያው ምርመራ በጠርዙ ላይ ነው፤ በእውነተኛው ጠርዝ ዙሪያ «በፍትሕና በርኅራኄ» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍ ከጌጥ ጋር ከፍ ብሎ ተቀርጿል። ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ፣ ወይም ሁለት ግማሽ ተጣብቆ እንደተሠራ የሚያሳይ መስመር ካለበት ጥርጣሬው ከባድ ነው። በድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን መስማት የጥንቱ ዘዴ ነው፤ ብር ረዘም ያለ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ነገር ግን በውስጡ የተሰነጠቀ እውነተኛ ሳንቲምም ድምፁ ይደፈናል፣ መጣሉም ጠርዙን ይጎዳል። ማግኔት የሚስበው ሳንቲም በእርግጥ ብር አይደለም፤ ማግኔት አልሳበውም ማለት ግን ብር ነው ማለት አይደለም፣ መዳብና ነሐስም አይሳቡምና።

ከሁሉ የሚታመነውና ሳንቲሙን የማይጎዳው ዘዴ በውኃ መመዘን ነው። የወርቅ ቤት ትንሽ ሚዛን ላይ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ተቀምጦ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ሳንቲሙ በቀጭን ክር ታስሮ የብርጭቆውን ወለልና ግድግዳ ሳይነካ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ ይንጠለጠላል፤ ያን ጊዜ ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር ሳንቲሙ የገፋው የውኃ መጠን ነው። ብሩ ከሺህ 833 እጅ የሆነ ቅይጥ በአንድ ኪዩቢክ ሳንቲሜትር 10.2 ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ 28.07 ግራም የሆነው ማርትሬዛ 2.75 ግራም ገደማ ማሳየት አለበት። በዚያው መጠን ከመዳብና ከኒኬል ቅይጥ የተሠራ ሐሰተኛ 24.5 ግራም ብቻ ይመዝናል፤ ከነሐስ የተሠራው ከዚያም ያንሳል። ክብደቱን ለማስተካከል ወፍራም አድርገው የሚሠሩት ደግሞ በውኃው ይጋለጣል፤ 28 ግራም ሆኖ 3.15 የሚያሳይ ሳንቲም ምንም ቢያብረቀርቅ ብር አይደለም። ሚዛኑ እስከ መቶኛ ግራም የሚለካ መሆን አለበት፤ እስከ አሥረኛ ብቻ በሚለካ ሚዛን የሚገኘው ልዩነት እውነተኛውን ከሐሰተኛው በእርግጠኝነት ላይለይ ይችላል።

አሲድና መፈተኛ ድንጋይ የሚጠቀሙ ወርቅ ቤቶች አሉ። ለሚቀልጥ ሳንቲም አይጎዳም፤ ለሰብሳቢ ሊሸጥ በሚችል ሳንቲም ላይ ግን የማይጠፋ ምልክት ይተዋል። የምኒልክ ብር ይዞ የሄደ ሰው ይህን ምርመራ መከልከል አለበት።

ስለ ይዞታ ብዙ መናገር ይቻላል፤ ዋናው ነገር ግን የሰብሳቢ ዋጋ ከምንም በላይ በይዞታው የሚወሰን መሆኑ ነው። የተፋቀ ሳንቲም የተወሰነ ክብደት ያጣል፤ 27.5 ግራም የሆነ ማርትሬዛ በማዕድን ዋጋው ያጣው 2 በመቶ ብቻ ነው። በሰብሳቢ ዓይን ግን የምኒልክ ዘውድ ጌጦች በግልጽ የሚታዩበት ሳንቲምና ፊታቸው የጠፋበት ሳንቲም ዋጋቸው ብዙ እጥፍ ሊለያይ ይችላል። በአገራችን ጠገራ የአንገት ጌጥ ስለነበር የተበሳ ወይም ቀለበት የተበየደበት ብዙ አለ። የተበሳው ከማዕድኑ ዋጋ በላይ የሚያወጣው በጣም ብርቅ ዓይነት ከሆነ ብቻ ነው። ቀለበቱን አስነቅሎ ቦታውን ማስፋቅ ደግሞ ምንም አያሻሽለውም፤ የብየዳው ምልክት ይቀራል፣ ገዢም ያየዋል።

ከዚህ የሚብሰው ማጠብ ነው። ብር ሲጠቁር በአየር ውስጥ ካለው የድኝ ውሁድ ጋር ተዋሕዶ ስስ ሽፋን መፍጠሩ ነው፤ ሽፋኑ ሳንቲሙን አይበላውም፤ ሰብሳቢዎች እንዲያውም ሳይነካ የቆየ ሳንቲም ምልክት አድርገው ይወዱታል። በአመድ፣ በሎሚ ወይም በጥርስ ሳሙና የታሸ ሳንቲም ያበራል፤ በማጉያ መነጽር ሲታይ ግን ገጹ በጥቃቅን ጭረት ተሸፍኗል። ከበዓል በፊት የቤቱን ዕቃ ሁሉ ማጽዳት የለመዱ እናቶች ጠገራውን ከዚህ ቢተዉት መልካም ነው። አፈር ካለበት ንጹሕ ውኃ ውስጥ ነክሮ ሳያሹ በለስላሳ ጨርቅ ማድረቅ ይበቃል።

የተጠየቀበትና የተሸጠበት

አንድ ሰው የምኒልክን ብር በኢንተርኔት ፈልጎ በሺህ ዶላር የሚቆጠር ዋጋ ተለጥፎበት ቢያገኝ፣ ያ ሻጩ የጠየቀው እንጂ ገዢ የከፈለው አይደለም። ማንኛውም ሰው ለማንኛውም ሳንቲም የፈለገውን ዋጋ መለጠፍ ይችላል፤ ሳይሸጥ ለዓመታት የሚቆየውም እርሱ ነው። እውነተኛው መረጃ ሽያጩ የተፈጸመበት ዋጋ ነው፤ ታዋቂ የሳንቲም ጨረታ ቤቶች ያለፉ ሽያጮቻቸውን ከነፎቶው በይፋ ያስቀምጣሉ፤ በትልልቅ የኢንተርኔት ገበያዎችም የተሸጡትን ብቻ ለይቶ የሚያሳይ ማጣሪያ አለ። ሲነጻጸር ዓመቱ፣ የአንበሳው እግርና ይዞታው አንድ መሆናቸው መረጋገጥ አለበት። ከጨረታው ዋጋ ላይም የቤቱ ኮሚሽን፣ የመላኪያና የኢንሹራንስ ወጪ ስለሚቀነስ በሻጩ እጅ የሚደርሰው ከታየው ያነሰ ነው።

በማኅበራዊ መገናኛ ስለ አሮጌ ሳንቲም የሚነዛው ወሬ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልክ አለው። ተራ ማርትሬዛ በሚሊዮን እንደሚገዛ ይነገራል፤ ምክንያቱም «ልዩ ኃይል» ወይም «የተለየ ቁጥር» ስላለው ነው ይባላል፤ ከዚያ ገዢው ከመምጣቱ በፊት ለምርመራ፣ ለምስክር ወረቀት ወይም ለጉዞ የሚሆን ገንዘብ እንዲላክለት ይጠይቃል። እውነተኛ የሳንቲም ገዢ ለመግዛት ሲል ከሻጭ ገንዘብ አይቀበልም። በሚዛንና በንጽሕናው መጠን የሚሠራው ስሌት አንዱ ትልቅ ጥቅሙም እንዲህ ያለውን ተስፋ ገና ከመነሻው መቁረጡ ነው፤ 23 ግራም ብር ያለበትና በመቶ ሚሊዮኖች የተቀረጸ ዕቃ በሚሊዮን የሚሸጥበት ገበያ የለም።

ገዢው የውጭ አገር ሰው ከሆነ የሕጉ ነገር ይመጣል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል፤ በቁፋሮም ሆነ በድንገት የተገኘ ቅርስም ለሚመለከተው ባለሥልጣን እንዲታወቅ ያዛል። ማንም ሰው እርሻ ሲያርስ ወይም የቤት መሠረት ሲቆፍር በማሰሮ የተቀበረ ብር ቢያገኝ፣ በተለይም የአክሱም ዘመን መልክ ያለው ትንሽ ሳንቲም ከሆነ፣ ከአንጥረኛው በፊት መሄድ ያለበት ወደ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ነው። በውርስ የመጣውንም ቢሆን ወደ ውጭ ለመላክ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ማስጠየቅ ይገባዋል፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ከተያዘ በኋላ ስለ ሳንቲሙ ዋጋ መከራከር ለባለቤቱ የሚያተርፈው ነገር የለም።